የመኖ ሪፖርት የተባለው ፎልደር

ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የወተት አምራቾች ማኅበር በሒሳብ ሠራተኝነት ስሠራ፣ ለቢሮው ሁሉ የነበረን ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ያ ኮምፒውተር ሚስት ሊያሳጣኝ ጥቂት ነው የቀረው። ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች ወዲያው ሌላ ነገር ያስባሉ፤ ፈገግም ይላሉ። ያስቡ። የእኔ ጉድ ከአጎቴ ድምፅ ጋር እንጂ ከሌላ ነገር ጋር አልነበረም።

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ዊንዶውስ የተጫነበት ነበር። ችግሩ ፍላሽ ነው። ወተት ሊያስረክብ የመጣ አባል ሁሉ ከኪሱ ፍላሽ ያወጣና «እስቲ ይቺን አንዴ ፕሪንት አድርጉልኝ» ይላል። የሠርግ ጥሪም ይሁን የትምህርት ማስረጃ፣ እምቢ አይባልም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንከፍተው ፎልደሮቻችን በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁን። ብንጫናቸው ብንጫናቸው የሚከፈት የለም። ጸሐፊያችን ጠበል ይረጭበት አለች፤ በቀልድ ይሁን በቁም ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሴት ልጅ በኮምፒውተር የተመረቀች ናት። እሷ መጥታ ሁሉንም ጠራርጋ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችበት። ማሽኑ ያረጀ ስለሆነ የጫነችው ስሪትም ያረጀ ነበር፤ አዲሱ ይከብደዋል አለች። ከዚያ ለሦስታችን፣ ለአባቷ፣ ለጸሐፊዋና ለእኔ፣ ለየብቻችን መግቢያ ስምና ለየብቻችን ፎልደር ከፈተችልን። ፓስዎርድ የምመርጥበት ተራ ሲደርስ «እኔም ቢሆን ማየት የለብኝም» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጎ ያከበረኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ከመደናገጤ የተነሣ የመረጥኩትን ፓስዎርድ እዚያው ረሳሁት፤ በማግስቱ ተመልሳ እንድትቀይርልኝ ተደወለላት።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ያላገኘው እንክብካቤ አልነበረም። ፕሪንተሩ ትንሽ ሲያንገራግር እደውላለሁ። ማውሱ ሲደናቀፍ እደውላለሁ። እሷም ማውሱ እንዳልተበላሸ እያወቀች ትመጣለች፤ ገልብጣ አይታ በሶፍት ትጠርግና «ተሠራ» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ዓመቱ ሲገባደድ ልንጋባ ተስማማን። እንግዲህ የቀረው አባቷን ማስጠየቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው ነገር ቢኖር የእሳቸውን እምቢታ ነበር።

ሊቀመንበሩን ሁላችንም «ኦቦ ሊቀመንበር» ነው የምንላቸው። ሱሉልታ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ላሞቻቸውን በየስማቸው የሚጠሩ፣ አማርኛም ኦሮምኛም እኩል የሚያውቁ ግን በሁለቱም ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሲቆጡም አይጮኹም። ዝም ነው የሚሉት። የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ከሌላው ሰው ቁጣ ይብስ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን ይዛ የምታስተዳድረው ይህቺው ልጃቸው ናት። ከዚያ በፊት አንድ ለገጣፎ ላይ ቪላ የሠራ ሰው ሽማግሌዎች ልኮባቸው፣ ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ ነው የሸኟቸው። ቪላ ያለው ሰው ከተሸኘ፣ ቡራዩ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር እኔ ምን ተስፋ አለኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ሽማግሌ የሚመራልኝ አጎቴ ነበር። አጎቴ ከሰሜን መጥቶ ቡራዩ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የከፈተ ነጋዴ ነው። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ይሸጣል። ሐሳቡን ሳዋየው ደስ ብሎት አቀፈኝና ወዲያው ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። ጥያቄውን በኦሮምኛ ካልተናገርኩ አልሄድም አለ። አባቷ አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ ብለውም፣ «ቢያውቁስ? ሰው ቤት ሄደህ ልጅ ስትጠይቅ በባለቤቱ ቋንቋ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ክፋቱ የአጎቴ ኦሮምኛ የሚስማር ኦሮምኛ መሆኑ ነው። ገበያተኛ ተቀብሎ መሸኘት፣ ቁጥር መጥራት፣ ተከራክሮ መሸጥ ይችላል፤ ከዚያ ውጪ ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ልጅቷ ትክክለኛውን አባባል ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ በየእሑዱ አጎቴ መደብር እየሄድኩ አስጠናው ጀመር። ዋናው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ኢንተለ ኬሰን ኢልመ ኬኛፍ ኑፍ ኬና»፤ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ማለት ነው። አጎቴ ሰላምታውን አሳምሮ ይጀምራል። ልክ «ልጃችሁን» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን አፉ በልማድ ወደ «ገቲን ኢሳ» ይሄዳል፤ ዋጋው ማለት ነው። መልሰን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ያን ካለፈ በኋላ ደግሞ «ኑፍ ኬና» የምትለዋን መጨረሻ ላይ የሚላት፣ ሒሳብ የዘጋ ደንበኛን እንደሚያሰናብት ሰው በችኮላ ነው። የራሱን ስህተት እንዲሰማ ብዬ ሁሉንም፣ እኔ ሳርመውና የልጅቷን ስም ስናነሣ ጭምር፣ በስልኬ እቀዳው ነበር። እሱ ግን የተቀዳውን ሲሰማ ስህተቱን አይሰማም፤ «ድምፄ ግን አያምርም?» ይለኛል።

በዚህ መሀል የስልኬ ሚሞሪ ሞላ። ቅጂዎቹን ቢሮው ኮምፒውተር ላይ፣ በራሴ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ፓስዎርድ አለኝ፤ ምን ይመጣብኛል? ይሁን እንጂ ጠርጣራ ሰው ስለሆንኩ ለፎልደሩ ማንም ሰው የማይጓጓለትን ስም ልስጠው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሒሳብ ብዬ ብሰይመው ይከፍቱታል። ፎቶ ብዬ ብሰይመውም ይከፍቱታል። በመጨረሻ «የመኖ ሪፖርት» አልኩት። እንዲህ ያለ አሰልቺ ስም በማግኘቴ በራሴ ኮራሁ። በሱሉልታ ምድር የመኖ ሪፖርት አገኘሁ ብሎ ልቡ የሚመታ ሰው አንድ ብቻ እንዳለ፣ እሱም ሊቀመንበሩ እንደሆኑ ያኔ ትዝ አላለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ቢሯችን አሠራር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሊቀመንበሩ ኪቦርድ አይወዱም። ፊደል ፍለጋ በአንድ ጣት ሲዞሩ ስብሰባው ራሱ ከሚፈጀው ጊዜ ይበልጣል። ልጃቸው ይህን አይታ ማይክ ያለው ማዳመጫ ሰጥታቸው ድምፅ መቅዳት አስተማረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቃለ ጉባኤውን በቃላቸው ይቀዱታል፣ ጸሐፊዋ ደግሞ በራሷ ስም ገብታ ከእሳቸው ፎልደር እየሰማች ትተይበዋለች። ይህ ሁሉ ዓይኔ እያየ ይደረግ ነበር። ሴትየዋ በራሷ ፓስዎርድ ገብታ የሳቸውን ፎልደር እንዴት ነው የምትከፍተው ብዬ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም። ሒሳብ የተማረ ሰው ነኝ።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጸሐፊዋ ከወንበሯ ሳትነሣ «አካም ጅርቱ! ነጋዳ? ፈያዳ?» አለችኝ። ሰላምታው የአገሩ ሰላምታ ነው፤ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም። ያስደነገጠኝ አነጋገሯ ነው። ቃል በቃል የአጎቴ አነጋገር ነበር። እንደ እሱ ፈያዳ ላይ ድምፅዋን ወደ ላይ ሰቅላ፣ እንደ እሱ ጉሮሮዋን ጠርጋ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እሷም ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

ቀና ስትል ሁሉንም ዘረገፈችው። የእኔ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነው። የእሷም፣ የሊቀመንበሩም እንደዚያው። ሊቀመንበሩ ለስብሰባ የሚሆን የመኖ መረጃ ፈልገው በስሙ አገኙትና ከፈቱት። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ እንደገና ሰሙት። እሷ ደግሞ ምን አግኝተው ነው ብላ፣ እሳቸው ሲወጡ ገብታ ሰማችው። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳትሰማው ሥራ አትጀምርም። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ዓይኗን እየጠረገች ነው።

ተናደድኩ። ሰው ቤት ሲገባ እንኳ ከደጅ ተቁሞ «ቤቶች!» ተብሎ አይደል እንዴ የሚገባው? ይህን አልኳት። «ክፍት አገኘን፣ ገባን» አለችና ትከሻዋን ሰበቀች። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ግን ንዴቴን አጠፋው። ሊቀመንበሩ መልሳቸውን ቀድተዋል አለችኝ። «ቃለ ጉባኤ መስሎኝ ግማሹን ተይቤዋለሁ እኮ! ‹ልጃችን› የሚል ሲመጣ ነው የባነንኩት።»

ሰው ሁሉ ለምሳ እስኪወጣ የጠበቅኩበትን ጭንቀት አልረሳውም። በራሴ ስም ገባሁ፤ የእሳቸውን ፎልደር ተጫንኩት፤ ያለ አንዳች ማቅማማት ተከፈተ። ውስጡ «የክትባት ፕሮግራም» የሚል ፎልደር አለ። ማኅበሩ በዚያ ወቅት ምንም የክትባት ፕሮግራም እንዳልነበረው የሒሳብ ሠራተኛው እኔ አውቃለሁ። ለካ ስም በማሳመር እኔ ብቻ አልነበርኩም። በውስጡ ሁለት ቅጂዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «እንግዲህ ይህ ያልሰማነው ነገር ነው። አክብራችሁ መምጣታችሁን እናመሰግናለን። ነገር ግን ልጃችን ገና ናት፣ ቤቱም ያለ እሷ አይሆንም። እንዳከበራችሁን እግዜር ያክብራችሁ።» ሁለተኛውም «እንግዲህ ይህ ያልሰማነው ነገር ነው» ብሎ ይጀምርና «ቢሆንም ደስ ብሎናል፤ ቀን ሰጥተናችሁ እንነጋገር» ብሎ ያበቃል። የአገሩ ደንብ ነው፤ አባት ነገሩን ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ቢያውቅም ሽማግሌ ፊት አልሰማሁም ማለት አለበት። ሊቀመንበሩ አለመስማትን እየተለማመዱ ነበር።

ሁለቱም በአንድ ጠዋት ነው የተቀዱት፤ እምቢታው ይቀድማል፣ እሺታው ይከተላል። የኋለኛው እሺ ነው ብዬ እንዳልጽናና ደግሞ የሰውዬውን አሠራር አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤም ደጋግመው ይቀዱና መጨረሻ የቀዱትን ሳይሆን ደስ ያላቸውን ነው የሚያስተይቡት። እምቢታውን መልሼ ሰማሁት። «ቤቱም ያለ እሷ አይሆንም» የሚለው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ይሰበራል፤ እኔም እየጠላኋቸው አሳዘኑኝ።

ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ሄዶ እምቢታውን ሊያጠፋው ሞከረ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ፋይሉ ቢጠፋ ሐሳቡ የሚጠፋ መስሎኝ ነው መሰለኝ። ኮምፒውተሩ ፈቃድ የለህም አለኝ። ስሙን ልቀይረው አልኩ፤ ፈቃድ የለህም። ወደ ሌላ ቦታ ልውሰደው አልኩ፤ አሁንም የለህም። ስነካካው በስህተት ኮፒ የሚለውን ተጫንኩና እሱን ያለምንም ክርክር ፈቀደልኝ። አንድ የነበረው እምቢታ ሁለት ሆኖ፣ አንደኛው የእኔው ፎልደር ውስጥ ቁጭ አለ። የራሴን ኮፒ እንኳ ለማጥፋት ያፈሰስኩት ላብ ይታየኛል።

ለልጅቷ ደወልኩላት። ፎልደሮቹ ክፍት መሆናቸውን ታውቂያለሽ ወይ ስላት፣ የአየር ሁኔታ እንደተጠየቀ ሰው ረጋ ብላ «አዎ» አለችኝ።

«በዚያ ስሪት ሲጫን እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሌላውን ማየትና መስማት ይቻላል፣ መንካት አይቻልም።»

«ታዲያ ፓስዎርዱ ምን ይሠራል?»

«በአንተ ስም ሌላ ሰው እንዳይገባ ነዋ። በራሱ ስም ገብቶ የአንተን የሚያየውን አይከለክልም።»

ለምን እንዳልዘጋችው ጠየቅኳት። አባቷ ናቸው እንዳትዘጊው ያሏት፤ ቢዘጋ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ከየት ታመጣለች? እንግዲያው አሁኑኑ ዝጊው አልኳት። አሁን ብትዘጋው እኛ ማወቃችንን አባቷ እንደሚያውቁ፣ ማወቃችንን ካወቁ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አልሰማሁም ለማለት እንደሚያፍሩ፣ ካፈሩ እንደሚቆጡ፣ ከተቆጡ የትኛውን ቅጂ እንደሚመርጡ ግልጽ እንደሆነ አስረዳችኝ። ይህን የምትለኝ ሰው ናት እንግዲህ ኮምፒውተር ተማረች የምትባለው። ሕግ ብትማር ኖሮ የት በደረሰች።

የራሴን ቅጂዎችስ ላጥፋ? ቢጠፉም ያው ነው፤ የነቃሁባቸው ይመስላል። መጨመር ላቁም? ሊቀመንበሩ በየሰኞው አዲስ ቅጂ ይጠብቃሉ፤ ቢቀርባቸው ይጠረጥራሉ። ስለዚህ በነገሩ ሁሉ መጨረሻ፣ አባቷ እንደሚሰሙት እያወቅኩ፣ እሳቸው እንደማላውቅ እያሰቡ፣ የአጎቴን ልምምድ በየሳምንቱ አዘጋጅቼ የማቀርብላቸው ሰው ሆንኩ። ለአጎቴ አልነገርኩትም። ቢያውቅ ሽማግሌነቱን ትቶ ቡራዩን ለቅቆ ይጠፋ ነበር።

አንድ ሰኞ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ብዙ ጊዜ አይቆሙም። የመኖ ሪፖርቱ እንዴት እየሄደ ነው አሉኝ። እየተሻሻለ ነው ኦቦ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና አዎ፣ ካለፈው ይሻላል አሉ። ወደ በሩ ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው «መጨረሻው ላይ ግን ይቸኩላል» አሉኝና ወጡ። በዚያው እሑድ አጎቴን መጨረሻውን ቀስ አድርገህ በለው አልኩት። ማን ነው የሚቸኩል ያለው ብሎ ተቆጣ። አዋቂ ሰው ነው አልኩት።

ቀኑ ደረሰ። አጎቴ ከሰበታ ሁለት የንግድ ወዳጆቹን አስከተለ። ሁለቱም ግርማ ሞገሳቸው የሚያስፈራ፣ ነጠላቸው እንደ ወረቀት የነጣ፣ ኦሮምኛቸው ግን ከአጎቴ የማይሻል ነበሩ። ሥራቸው ቆሞ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። እኔ በደንቡ መሠረት እዚያ መገኘት የለብኝም፤ ስለዚህ ከሊቀመንበሩ ግቢ ማዶ ባለች ሱቅ ጥግ፣ የሱሉልታ ነፋስ እየገረፈኝ፣ ያልጠማኝን ለስላሳ ይዤ ቆምኩ። ጸሐፊያችን የሊቀመንበሩ ጎረቤት ናትና ማድ ቤቱን እሷ ነበር የያዘችው። ለእኔ ብላ ደውላልኝ፣ ስልኳን ሳትዘጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። መጀመሪያ የሰማሁት የሰሐን ኳኳታ ነው። ቀጥሎ እሷ ትሪ ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ የሰዎቹ ድምፅ መጣ።

ተቀመጡ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ፤ ይህም ደንብ ነው፤ መልስ ሳያገኝ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰላምታው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ማዶ ቆሜ ከንፈሬን ከእሱ ጋር አንቀሳቅሳለሁ። «ኢንተለ ኬሰን» አለ፤ ዋጋው የሚለውን ዘለለው፤ እግዜር ይስጠው አልኩ በልቤ። «ኢልመ ኬኛፍ» አለ። ከዚያ ቆመ።

ሰሐን እንኳ የሚንኳኳ የለም። እንደገና «ኢልመ ኬኛፍ» አለ፤ አሁንም ቆመ። ያን ሁሉ እሑድ ቀስ በል እያልኩ ያስጠናሁት ሰው፣ ቀስ ባለ ጊዜ ቃሉ ጠፋበት። ሮጬ ገብቼ ልናገርለት ምንም አልቀረኝ።

ያኔ ከዚያ ከተጨነቀው ጸጥታ ውስጥ የሊቀመንበሩ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ።

«ኑፍ ኬና» አሉ።

ማለትም፣ ስጡን። አባትየው የገዛ ልጃቸውን ከራሳቸው ለመኑ። መጀመሪያ የፈነዳችው ጸሐፊዋ ናት፤ ሳቋ ስልኩን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። ከጓዳ ደግሞ አንድ የማውቀው ሳቅ ተከተላት፤ ልጅቷ በደንቡ ተደብቃ መቀመጥ የነበረባት እዚያ ነው። የሰበታዎቹ ምን እንደተባለ ስላልገባቸው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ግን ነጋዴ ነው፤ አልደነገጠም። «እርስዎ ካሉት እኔ ምን እጨምራለሁ?» አላቸው በአማርኛ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የተለማመዱትን ሊሉ ጀመሩ። «እንግዲህ ይህ ያልሰማነው...» አሉና አቋረጡ። የሁለቱም ቅጂ መግቢያ እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ የቱንም መቀጠል አይቻልም። ሰው የሌላውን ንግግር አስታውሶ ከሞላ በኋላ አልሰማሁም ሊል አይችልም። ልጁ የት ነው ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ ደንቡን ሁሉ ረስታ «ማዶ ሱቁ ጋ ቆሟል፣ ይሰማዎታል» አለቻቸው፤ ስልኳን ከሽርጧ አውጥታ እንዳሳየቻቸው በኋላ ነው የሰማሁት። ስልኩ ውስጥ፣ ለእኔ፣ «ና ግባ» አሉኝ።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። በረንዳው ላይ ብቻቸውን ወጥተው ጠበቁኝ። ከኋላቸው በተከፈተው በር ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ይታዩኛል። አጎቴ በዓይኑ ምን ልሁን ይለኛል።

«የእኔን ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ ኦቦ።»

«የቱን?»

«ሁለቱንም።»

«እምቢ የሚል እንዳለ እያወቅክ ነው የላክሃቸው?»

መዋሸት የማይቻልበት ቦታ ነበር። «ላጠፋው ሞክሬ ነበር» አልኳቸው። «ፈቃድ የለህም አለኝ።»

ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። የተቆጡ መሰለኝና አበቃልኝ አልኩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቁ እንደሆነ የገባኝ።

«እኔም ያጎትህን ላጠፋው ሞክሬ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ የሰማሁት ቀን። ጠፍቶበት ሲያገኘው ተስፋ ቆርጦ ይተዋታል ብዬ። ብጫነው ብጫነው እምቢ አለኝ።»

በበሩ በኩል ወደ አጎቴ አየሁ።

«ማጥፋት ሲከለክለኝ መስማት ብቻ ቀረልኝ» አሉ፤ አሁን ሳቁ የለም። «አንድ ትልቅ ሰው ለአንተ ብሎ በዚያ ዕድሜው ከእኔ ቋንቋ ጋር ሲታገል ስሰማ ከረምኩ። መልሴን የተለማመድኩበት ጠዋት እምቢታውን ቀዳሁና የእሱን ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ነው ሁለተኛውን የቀዳሁት። ቤቱ ያለ እሷ ይከብደኛል፤ እሱን አልደብቅህም።»

እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞረው ለአጎቴና ለወዳጆቹ፣ አሁን ተቀመጡ አሏቸው።